የተበታተነው ስልክ

ስልኩ ሲገኝ ሆዱ ባዶ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ የሕንጻውን መግቢያ አዳራሽ ስታጸዳ፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከወረቀትና ከሙዝ ልጣጭ ጋር አወጣችው። መጀመሪያ የልጅ መጫወቻ መስሏት ነበር። ባትሪ የለው፣ ካሜራ የለው፣ ጀርባው ላይ ባዶ ጉድጓዶች ብቻ። ወደ ብርሃን ስታዞረው ግን ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አየች። ለጥበቃው አቀበለችው፤ ጥበቃውም ለፖሊስ ደወሉ።

ኢንስፔክተሯ ደርሳ ገና ከሩቅ ስታየው አወቀችው።

"ይሄ ስልክ አልተሰበረም" አለች በጓንት ተቀብላ። "ተፈታቷል። ተገጣጣሚ ስልክ ነው፣ የእኔው ዓይነት።"

"አንቺ ያንን ስልክ ከገዛሽ ወዲህ ዓለም ሁሉ ተገጣጣሚ ይመስልሻል" አለ ሳጅኑ።

ሳጅኑ በጣቢያው የሚታወቀው "ቀስ በል" በሚል ቅጽል ስም ነው። ሲሄድም፣ ሲበላም፣ ሲያስብም አይቸኩልም። እሷ ደግሞ ነገር ካሸተተች መቀመጫ አይበቃትም፤ ስልኩንም የገዛችው በዚሁ ጠባይዋ ነው። ቀፎውን ትገዛለህ፣ የቀረውን እንደ ልብህ ትሰካበታለህ፤ ባትሪው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ካሜራው ሩቅ ይይ ቅርብ፣ ምርጫው ያንተ ነው። ባሏ "ስልክ ነው የገዛሽው ወይስ ቁም ሣጥን?" እያለ ሲስቅባት ከርሟል። እሷ ግን እየፈታች ስትገጥም ዓለሟን ትቀጫለች።

ቀፎው ላይ በምስማር ጫፍ የተጫረች ትንሽ ወፍ ነበረች። ኢንስፔክተሯ ወፏን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ትናንት አመሻሽ ላይ አንዲት እናት ጣቢያ መጥተው፣ የሊፍት መካኒክ የሆነች ልጃቸው ከሥራ እንዳልተመለሰች አመልክተው ነበር። ልጅቷን ሰው ሁሉ "ወፊቱ" ይላታል፤ ገመድ ላይ ውላ ገመድ ላይ የምታመሽ፣ ከፍታ የማትፈራ ናት። እናትየው የልጃቸውን ስልክ ሲገልጹ "ጀርባው ላይ ወፍ ጭራበታለች" ብለው ነበር። ተረኛው ፖሊስ ግን ከወፊቱ ቁጥር ለእጮኛዋ የተላከ መልእክት ስላየ፣ አጽናንቶ ወደ ቤታቸው ሸኛቸው። መልእክቱ "ይቅር በለኝ፣ ጋብቻው ይቅር፣ ርቄ ሄጃለሁ፣ አትፈልጉኝ" ይላል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ዝግ ነው።

"ኮበለለች ያልናት ልጅ ስልኳ ደም ነክቶት ቆሻሻ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"ቀስ በይ እንጂ" አለ ሳጅኑ። እሱም ግን ኮፍያውን ማስተካከል ጀምሯል።

*

ሕንጻው ሁለት ሊፍት አለው። አንደኛው ሰው እያጨቀ ይወጣል ይወርዳል፤ የሁለተኛው በር ላይ "ተበላሽቷል" የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ወፊቱ ትናንት ስትሠራ የነበረው እሱን ነው። ጥበቃው ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁመናቸው ያልተሰበረ ሰው ናቸው።

"ስትወጣማ አይቻታለሁ" አሉ። "ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ፣ ሄልሜቷን አጥልቃ በዚሁ በር ወጣች። ከቀትር በኋላ ነው።"

"ፊቷን አይተዋል ጋሼ?"

ጥበቃው ትንሽ አሰቡ። "ቱታና ሄልሜት አየሁ። እነዚህ የሊፍት ሰዎች ሲመጡ ሁሉም አንድ ናቸው ልጄ። ሥራዋን ጨረሰች አልኩና በሩን ከፈትኩ።"

ኢንስፔክተሯ እየሰማች ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተተክሏል። የጥበቃው ስልክም ተገጣጣሚ ነው። ቀፎው አርጅቶ ጠርዙ ተልጧል፤ የተሰካበት ባትሪ ግን ከፋብሪካ የወጣ ሙሽራ ይመስላል፣ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ።

"ይሄ ባትሪ ከየት መጣ?"

ጥበቃው መጀመሪያ "ገዝቼው ነው" አሉ። ከየት ሲባሉ ባትሪውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሳጅኑ ካቴናውን ሲያወጣ አንደበታቸው ተፈታ።

"ወድቆ ነው ያገኘሁት። ትናንት የውሃ ታንከሩን ላይ ብዬ ስወጣ፣ ወደ ጣሪያው በሚያስወጣው ደረጃ ላይ ተጋድሟል። የኔ ባትሪ ደክሞ ነበር፤ ብሞክረው ገጠመልኝ። የእሷ መሆኑን ባውቅ እጄ ይቆረጥ ነበር።"

"ያዝነው" አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ።

"አልያዝነውም። ሰው ጎድቶ፣ ማስረጃውን ፖሊስ ፊት ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ አላየሁም" አለች። ስልካቸውን አንስታ አየችው፤ ፊደሉ ትንንሽ፣ ነገሩ ሁሉ እንደማንኛውም ሰው ስልክ ነበር፤ መለሰችላቸው። "የሚገርመኝ ጣሪያው ነው። ባትሪው ወደ ጣሪያ በሚወስድ ደረጃ ላይ ምን አደረሰው? እዚያ ምን አለ ጋሼ?"

"የሊፍቶቹ ሞተር ክፍል። ቁልፉ የሕንጻው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ከሰዓት ነው የሚገባው።"

"ሳጅን፣ ሲገባ ጠብቀውና ክፍሉን አስከፍት።"

ዞር ስትል የወፊቱ እናት አዳራሹ ውስጥ፣ ከተበላሸው ሊፍት አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ የእናት ጆሮ ቅርብ ነው። ተነሥተው የኢንስፔክተሯን ክንድ ያዙ።

"ልጄ፣ ኮበለለች ይሉኛል። ታኮርፍ ይሆናል፣ ትሄድም ይሆናል። ግን የኔን መድኃኒት ሳታስውጠኝ አንድ ቀን አድራ አታውቅም። ትናንት ሳልውጥ አደርኩ።"

"አገኛታለሁ እማማ" አለች ኢንስፔክተሯ። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። ፖሊስ እንዲህ ያለ ቃል አይሰጥም፤ ለጀማሪዎች ስንቴ አስተምራዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖባት ወደ መኪናዋ በረረች።

*

የሊፍት ጥገና ድርጅቱ ኃላፊ ጠጉሩ የሸበተ፣ ንግግሩ የለሰለሰ ሰው ነው። እሱም መካኒክ ነበር፤ ወፊቱን ከተማሪነቷ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው። ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይሻክራል።

"ትናንት ከዚህ ቢሮ አልወጣሁም" አለ ስትጠይቀው። "እሷ ግን ሥራዋን ጨርሳ ወጥታለች። ማስረጃው ይኸው።"

ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳው ላይ መስቀያዎች፣ በየመስቀያው ቀለም የተቀባ ጓጉንቸር። ኃላፊው እንደ አባት እየተኩራራ አስረዳት። መካኒክ ሊፍት ውስጥ ከመግባቱ በፊት መብራቱን ያጠፋና ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይሰቅላል፤ ሌላ ሰው ሳያውቅ መብራቱን ቢያበራ ሊፍቱ ተንቀሳቅሶ ይጨፈልቀዋልና። ጓጉንቸሩን የሚፈታው የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። አለቃም ይምጣ ሚኒስትር፣ የሰው ጓጉንቸር አይነካም።

"ሊፍቱ ተበላሽቶ ሲቆምስ? ያኔም ይሰቀላል?"

"በጭራሽ። ለተበላሸ ካርቶን እንለጥፋለን። ጓጉንቸር የሚሰቀለው ውስጥ ሰው ካለ ብቻ ነው። እዚህ ቤት በዚህ ቀልድ የለም" አለና አረንጓዴውን ጓጉንቸር በጣቱ ነካ። "ይሄ የእሷ ነው። ተመልሷል። ስለዚህ ወጥታለች።"

ኢንስፔክተሯ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው። ባዶ የሆነው መስቀያ አንድ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል።

"ቢጫውስ?"

"የኔ ነው። እኔ አሁን ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ገመድ ላይ አልወጣም። የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከሰማሽኝ እጮኛዋን ጠይቂው። በዚያ ስልክ ምክንያት ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ስልኩ ሲባል ነው ያየችው። የእሱም ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተቀምጧል፤ እሱም ተገጣጣሚ። ዓይኗን ተከትሎ ሳቀ። "ለሁሉም ሠራተኛ ገዝቼ ነው። እኛ ሥራ ላይ ስልክ ይወድቃል፤ ይሄኛው ሲሰበር የተሰበረውን ክፍል ብቻ ትቀይሪለታለሽ።"

*

እጮኛው መነጽር ሻጭ ነው። ሱቁ በመስተዋት የተሞላ ስለሆነ ኢንስፔክተሯ ስትገባ ከየአቅጣጫው ራሷን አየች። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

"ተጣልታችኋል አሉ።"

"ተጣልተናል። አልዋሽም።" ከመሳቢያው አንድ ትንሽ ጥቁር ነገር አውጥቶ ፊቷ አኖረ። የስልክ ካሜራ ነበር፣ ለብቻው። "የእሷ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ካሜራውን አንስታ አገላበጠችው። ደም የነካው ቀፎ ካሜራ አልነበረውም፤ ካሜራው ደግሞ ይኸው፣ በተጣላት ሰው መሳቢያ ውስጥ። እንዲህ በቀላሉ ይሆናል ብላ አላሰበችም ነበር፤ ልቧ ግን ከእሷ ቀድሞ መሮጥ ጀምሯል።

"እንዴት እጅህ ገባ?"

"ከትናንት በስቲያ አዋሰችኝ። አዲስ የመጡ መነጽሮችን ፎቶ ላነሳ። የእሷ ካሜራ ቅርብ ያለውን ያጎላል፤ ለኔም ቀፎ ይገጥማል።" ስልኩን አውጥቶ ካሜራውን ሰክቶ አሳያት፤ የመነጽር ፎቶ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደግሞ ደንበኞች ዓይናቸውን ሲለኩ ውለዋል፤ የሱቁ ካሜራም፣ ጎረቤቱ ጫማ ሻጭም ይመሰክራሉ። የኢንስፔክተሯ ልብ ሩጫውን ገታ።

"ታዲያ ጠቡ ምንድን ነው?"

ልጁ እንባና ሳቅ ተናነቀው። "ቅናት ነው በይው። ያንን ስልክ እንደ ጥርሷ ነው የምትንከባከበው። ማንም ሊጠቀምበት አይችልም። ግራኝ ናት፤ በቀኟ ገመድ ይዛ በግራዋ ነው የምትነካው። ስለዚህ ሁሉን ነገር ወደ ግራ አዙራዋለች፣ ስልክ ሲደወል የምታነሣበትን እንኳ። ፊደሉን በጓንት እንድትነካው የአውራ ጣት ያህል አድርጋዋለች። አንድ ቀን እሱን ይዤ ለእናቴ መደወል አቅቶኝ፣ 'ይሄ ስልክ አንቺን እንጂ ሌላ ሰው አይፈልግም፣ እኔንስ ቦታ ታደርጊልኛለሽ?' አልኳት። በዚህ ነው የተጣላነው።" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "መልእክቱን የጻፈችው እሷ አትመስለኝም። እሷ ጥላኝ ብትሄድ ፊቴ ቆማ ነው የምትነግረኝ።"

*

የስልክ ዕቃ ሻጩ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ በትንንሽ ሣጥን ተሞልቷል። ሻጩ ኢንስፔክተሯን ሲያይ ደንበኛው ናትና እጁን አፋተገ።

"እንኳን ደህና መጣሽ። ምን እንጨምርላት ለስልክሽ?"

"ዛሬ የምትጨምርልኝ መልስ ነው" አለችና ባዶውን ቀፎ አሳየችው። "ከዚህ ላይ ባትሪና ካሜራ አግኝቻለሁ። የሌለው ሚሞሪው ነው። ሌባ ሌላውን ጥሎ ሚሞሪውን ብቻ ቢወስድ ምን ይጠቅመዋል? ስልኩ የሚከፈተው በባለቤቱ ጣት ነው።"

ሻጩ እንደ ልማዱ ማመስገን ጀመረ። ባትሪ ሲደክም ባትሪውን ትቀይሪያለሽ እንጂ ስልክ አትጥዪም፤ ስክሪን ቢሰበር ራስሽ ታወልቂዋለሽ፤ ዘመድ ቢቸገር ካሜራሽን ታውሺዋለሽ። እስከዚህ ድረስ ምላሱ እንደ ቅቤ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቀነሰ።

"ጣት የሚጠይቀው ግን ቀፎው ነው። ሚሞሪው አይደለም።"

"ማለት?"

"ሚሞሪውን አውጥተሽ የራስሽ ቀፎ ላይ ብትሰኪው፣ የሚጠይቅሽ ያንቺን ጣት ነው። ያው ይከፈታል። ፎቶውም፣ ቪዲዮውም፣ ሲሙም እዚያው ላይ ነው።"

ኢንስፔክተሯ የገዛ ስልኳን፣ ከባሏ ጋር ስትከራከርለት የከረመችውን፣ በኪሷ ውስጥ ዳሰሰችው።

"ይሄን ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝማ" አለ ሻጩ አንገቱን ደፍቶ። "ሁሉ ነገሩ ይፈታል ስንል፣ ለማንም ይፈታል ማለት ነው።"

ንዴቷ ግን አልቆየም፤ ሌላ ነገር ገፍቶት መጣ። መልእክቱ የተላከው ከወፊቱ ስልክ አይደለም። አንድ ሰው ሚሞሪዋን የራሱ ስልክ ላይ ሰክቶ፣ በእሷ ቁጥር ጻፈው። ያ ሰው ተገጣጣሚ ስልክ ያለው ሰው ነው።

"ሌላ ነገር ንገረኝ። ሚሞሪዋ ሌላ ስልክ ላይ ሲሰካ ያ ስልክ ላይ ምልክት ይተዋል?"

"ምልክት አይባልም እንጂ፣ ሴቲንጉ ይገለበጣል። የፊደሉ መጠን፣ አቀማመጡ። ሚሞሪው ቢወጣ እንኳ እንደተገለበጠ ይቀራል፤ መመለስ የማያውቅ ሰው ሲደናበርበት ይከርማል። ለዚህ ስንቱ ሰው ነው እዚህ እየመጣ የሚለምነኝ።"

ሻጩ ቀና ሲል ኢንስፔክተሯ የለችም። በሩ ብቻ ይወዛወዛል።

*

የጥበቃውን ስልክ በእጇ ይዛ አይታዋለች። የእጮኛውንም እንዲሁ። ያላየችው ተደፍቶ የነበረውን ነው።

ኃላፊው ተመልሳ ስትመጣ ደስ ያለው መሰለ። ወንበር ሳበላት፣ አንድ ደብዳቤ ላይ በቀኝ እጁ እየፈረመ "ተገኘች?" አላት። እሷም ስለ እጮኛው ታወራለት ጀመር፤ እጇ ግን በኮቷ ኪስ ውስጥ የእሱን ቁጥር ይደውላል።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

ኃላፊው በቀኙ አነሣው። አውራ ጣቱ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ሄደች፤ እዚያ ምንም የለም። ነካካ፣ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ጎተተ። ስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ከማዶ ወንበር ይነበባል፤ ጥሪ ማንሻው ደግሞ ግራ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። በመጨረሻ ስልኩን ገልብጦ በግራ እጁ ሲሞክር ጥሪው ተቋረጠ።

"ምን እንደነካው እንጃ ይሄ ነገር፣ ከትናንት ጀምሮ" አለ ተበሳጭቶ።

"ከትናንት ጀምሮ" አለች ኢንስፔክተሯ። "ግራኝ ነዎት?"

"እኔ? አይደለሁም።"

"ወፊቱ ግን ናት።"

ኃላፊው ስልኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ሊል ሲል የእሷ ስልክ ጠራ። ሳጅኑ ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለከልክ ሰማችው።

"አለቃ፣ ሥራ አስኪያጁ ገባ፣ የሞተሩን ክፍል አስከፈትኩት። ባዶ ነው። የተበላሸው ሊፍት ማብሪያ ጠፍቶ ጓጉንቸር ተሰቅሎበታል። ሥራ አስኪያጁ ነዋሪው ተማሮብኛል፣ ቆርጬ ላብራው እያለ ነው፤ መቁረጫውም በእጁ ነው።"

"ጓጉንቸሩ ምን ቀለም ነው?"

"ቢጫ።"

ኢንስፔክተሯ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ባዶው መስቀያ፣ ከሥሩ ቢጫ ቀለም። ከወንበሯ መቼ እንደተነሣች አታውቅም።

"ሳጅን፣ መቁረጫውን ንጠቀው። ያንን ማብሪያ ማንም እንዳይነካ። ሰው ቢነካው ሰው ይሞታል፣ ገባህ? ቀስ የሚባልበት ቀን አይደለም ዛሬ።"

ስልኩ ውስጥ ትግል፣ ጩኸት፣ ከዚያ ብረት መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ። "ነጥቄዋለሁ" አለ ሳጅኑ።

ወደ ኃላፊው ጎንበስ አለች። "ሊፍቱ ተበላሽቷል ተብሎ ካርቶን ተለጥፏል። ለተበላሸ ጓጉንቸር አይሰቀልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የሚሰቀለው ውስጥ ሰው ካለ ብቻ ነው። ማን ነው ውስጥ ያለው?"

የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

"ከሥር" አለ በመጨረሻ። "ሊፍቱ የሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ።"

"በሕይወት አለች?"

"አላውቅም። ስሄድ አትንቀሳቀስም ነበር።"

*

መኪና ውስጥ ሳይጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈው። ለሕንጻው አዲስ ብሎ ያስገባው የሊፍት ገመድ አሮጌ ነበር። ወፊቱ ከቀናት በፊት ሊፍቱን ስትጠግን ክሮቹ ተበጣጥሰው አገኘቻቸው፤ በዚያ ቅርብ በሚያየው ካሜራዋ ቀርጻ አሳየችውና "ወይ ይቀየራል፣ ወይ ለባለቤቱ አሳየዋለሁ" አለችው። ትናንት ሊለምናት ቱታውን ለብሶ ሄደ። ከታች፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ስልኳን ሊቀማት ታገሉ፤ ስልኩ እጁ ቀረ፣ እሷ ወደቀች። ሲጠራት ዝም አለች።

"ቪዲዮውን ለሌላ ሰው ልካው እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ" አለ። "ስለዚህ ወደ ጣሪያ ስወጣ ደረጃው ላይ ፈታታሁት።"

"ጓጉንቸሯንስ?"

"ቁልፏ፣ የሞተሩ ክፍል ቁልፍም አብሮ፣ ከመሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። የእሷ ጓጉንቸር እዚያ ከተንጠለጠለ ሰው ይፈልጋታል፤ ስለዚህ ጣሪያ ወጥቼ ፈታሁት። ከዚያ ደረጃውን መውረድ ጀመርኩ።" እጆቹን በካቴናው ውስጥ አየ። "አልቻልኩም። ማብሪያው ባዶውን ነው፣ ሰው ከሥር አለ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ አድርጌ አላውቅም። ተመለስኩና የራሴን ሰቀልኩ። እጄ ነው የሰቀለው።"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ኢንስፔክተሯ ይህን ልትለው አስባ ተወችው፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ እግሯ ነዳጁ ላይ ነበር።

የሕንጻው ምድር ቤት ውስጥ የውሃ ፓምፑ ያጓራል፤ አጠገብህ ያለው ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ኢንስፔክተሯ ፓምፑን አስጠፋችው። ኃላፊው በካቴና በታሰሩ እጆቹ የሊፍቱን የታችኛ በር ቁልፍ ሰክቶ አዞረ። በሩ እያንቋረረ ተከፈተ። ከውስጥ የቅባትና የእርጥበት ሽታ ወጣ።

"ወፊቱ" ብላ ጠራች ኢንስፔክተሯ።

ምንም የለም። የእጅ ባትሪዋን አብርታ በሆዷ ተኛችና ወደ ጉድጓዱ ተመለከተች። ሰማያዊ ቱታ አየች፣ እግር አየች፤ አንደኛው እግር ያለ ቦታው ታጥፏል። ብርሃኑን ወደ ላይ ስትስብ፣ ሁለት ዓይኖች ከብርሃኑ ለመሸሽ ተጨፈኑ።

"አለች" አለች ኢንስፔክተሯ። "አለች፣ በሕይወት አለች። አምቡላንስ ጥሩ።"

ወፊቱ ድምፅ አልነበራትም፤ ሌሊቱን ጮኻ ጨርሳዋለች። ኢንስፔክተሯ ወርዳ አጠገቧ ተንበረከከች። ልጅቷ እጇን ይዛ ወደ ላይ፣ ወደ ሊፍቱ ሆድ አመለከተች።

"ሲነኩት ይሰማኛል" አለች በሹክሹክታ። "ሰዎች ሲጠሩት። ጓጉንቸሬን ሊፈታ ቦርሳዬን ከነቁልፉ ወስዶ ሲሄድ አየሁት። አሁን ያበሩታል፣ አሁን ያበሩታል እያልኩ ነው ያደርኩት። ለምን አላበሩትም?"

"ጓጉንቸር ተሰቅሎበት ነበር።"

"የማን?"

ኢንስፔክተሯ መልሱን ልትደብቀው አልቻለችም። "የእሱ።"

ወፊቱ ዓይኗን ከደነች።

*

እናትየው ቃሬዛው ከደረጃው ሲወጣ ጠበቁት። አላለቀሱም። ልጃቸውን ከግንባር እስከ ጣት ዳበሷት፣ ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረው እጇን ሳሙት። ኢንስፔክተሯም የእሳቸውን ሳመች።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ቢጫው ጓጉንቸር ማስረጃ ነው፤ መቆረጥ የለበትም፣ በቁልፉ መከፈት አለበት። ሳጅኑ ከታች ከቃሬዛው ጋር ቀረ፤ ኢንስፔክተሯ ኃላፊውን ይዛ ጣሪያ ወጣች። የሞተሩ ክፍል ሞቃት ነው። ሰውየው ቁልፉን ይዞ ማብሪያው ፊት ቆመና እጁ ቀረ።

"ይክፈቱት እንጂ።"

"ወጥታለች?"

"ወጥታለች አልኩዎት። አይተዋታል።"

"አየሁ። ግን እንደዚያ አይፈታም።" ወደ እሷ አልዞረም። "ውስጥ የነበረ ሰው መውጣቱን ራሱ ነው የሚናገረው። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ከአፏ ሳልሰማ እጄ አይነካውም።"

ኢንስፔክተሯ ልትቆጣው ፈለገች። ደግሞ ልጅቷ የዚህን ሰው ድምፅ መስማት እንደማይገባት አሰበች። ነገር ግን ጓጉንቸሩ ተሰቅሏል፣ ሰውየውም ቆሟል፤ ለሳጅኑ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ወደ ኃላፊው ዘረጋች። "ጠይቃት" አለችው ሳጅኑን። "ካልፈለገች ይቅር።"

ከታች የአምቡላንሱ በር ሲከፈት ተሰማ፤ እናትየው "ተዪው ልጄ" ሲሉ ተሰማ። ከዚያ የሻከረ፣ የተሰባበረ ድምፅ መጣ።

"ወፊቱ ነኝ" አለች። "ወጥቻለሁ። ውስጥ ሰው የለም።" ትንፋሽ ወሰደች። "ፍታው።"

የኃላፊው ቁልፍ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ፋቀው። ኢንስፔክተሯ ጓጉንቸሩን ያዘችለት። ሁለተኛ ሲሞክር ቁልፉ ገባ፣ ጓጉንቸሩም ተከፈተ፤ ሰውየው ከማብሪያው ላይ አንስቶ በእጇ አስቀመጠላት፣ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።